የቪዶሳቫ ቅጠል

ቪዶሳቫ በዚያ መፀው ጸሎቷን የምታደርሰው ቅጠል እየጠረገች ነበር። ጎሕ ሲቀድ ሻሿን አጥብቃ ታስራለች፤ የሟች ባሏን የሱፍ ሹራብ ከላይ ትደርባለች፤ ባለ ጥርሱን መጥረጊያ ከደጃፉ አንሥታ «በስመ አብ» ብላ ትጀምራለች። አንድ «አባታችን ሆይ» ከበሩ እስከ ውኃ ጉድጓዱ ያደርሳታል። ከጉድጓዱ እስከ ጎረቤቷ እስከ ስሬተን አጥር ያለው ደግሞ የሙታን ድርሻ ነው። አባቷን፣ እናቷን፣ አማቷን፣ ባሏን ሚሉቲንን በየስማቸው እያነሣች ትጠርጋለች። ስትጨርስ ወገቧን ይዛ ቀና ትልና ትልቁን የዋልነት ዛፍ ታየዋለች። ዛፉም የሚቀልድባት ይመስል አንዲት ቢጫ ቅጠል ጣል ያደርግላታል።

«ቪዶሳቫ!» ይላል ስሬተን፣ አገጩን አጥሩ ላይ አስደግፎ። «ያችን አንዷን ረሳሻት!»

«ዓይኔ ደክሟል። ግባና አንሣልኝ።»

«እኔማ ከሚካኤል በዓል ማግሥት እመጣለሁ። ቅጠሉን ሳይሆን ግንዱን ላነሣ!»

እሱ ይስቃል። እሷ ግን አትስቅም፤ ነገሩ ቀልድ አልነበረማ።

አንድ ልጇ ዳሊቦር በጸደይ ወራት የሽንኩርት መደቧን ገልብጦ ግቢውን በሙሉ ሣር ዘርቶበት ነበር። በሞራቫ ወንዝ ማዶ አዳዲስ ቤት የሠሩት ሁሉ እንደዚያ ያደርጋሉ። «ላም የለን፣ በግ የለን» ብላ ቀልዳበታለች፤ «ማን ሊበላው ነው? አንተ ነህ?» ሣሩ ግን ሲወጣ ለዓይን የሚያሳሳ ሆነ። እሷም ብትሆን ማንም ሳያያት ጫማዋን አውልቃ ሄዳበታለች።

ከዚያ መፀው ገባ። ቪዶሳቫ የታመመች እኅቷን ልታስታምም ሄዳ በሰነበተችበት ጊዜ የዋልነቱ ቅጠል ረገፈ፤ በላዩ ዝናብ ወረደበት፤ እንደ እርጥብ ሰሌን ሣሩ ላይ ተኛበት። ስትመለስ የቅጠሉን ንጣፍ ገለጥ ብታደርገው ከሥሩ ያለው ሣር ፀሐይ እንዳጣ እስረኛ ገርጥቷል።

«ዛፉ መርዝ ነው» አለ ዳሊቦር። «ይቆረጣል።»

ዋልነት ጥላው ክፉ ነው፣ ከሥሩ የተኛ ራሱን ታሞ ይነሣል የሚለውን በዚያ አገር የማይል የለም። ቪዶሳቫም ስትለው ኖራለች። ነገር ግን በዚያ ዛፍ ሥር የሚሉቲን አግዳሚ አለ። የበዓሉ ኬክ የሚጋገረው ከቅርፊቱ ተፈልፍሎ በሚወጣው በዛፉ ፍሬ ነው። የቀረውን በልቧ ይዛ «ልጄ፣ እስከ ቤታችን በዓል፣ እስከ ሚካኤል ታገሠኝ» አለችው። «የመልአኩ ዕለት ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘ ዛፉን ተውልኝ።»

ዳሊቦር ሣሩን አላየም። ግንዱን ነበር የሚያየው። «እሺ» አለ፤ ድምፁ ግን የእሺ ድምፅ አልነበረም። የሞተር መጋዝ ያለው ስሬተን ስለሆነም ለበዓሉ ማግሥት ተቀጠረ።

እንግዲህ ቪዶሳቫ የቅጠል ተማሪ ሆነች። ቅጠል ከዝናብ በፊት ሲነሣ ላባ፣ ከዝናብ በኋላ ሲነሣ ጭቃ መሆኑን ተማረች። መጥረጊያውን የተጫኑት እንደሆነ ለጋውን ሣር ከነሥሩ ይነቅለዋል፤ ሕፃን እንደሚያበጥሩ ቀስ ማለት ይሻላል። የሰበሰበችውን በሸራ ላይ አድርጋ እየጎተተች ከማገዶ ቤቱ ጀርባ ትከምረዋለች። ሰፈርተኛው ከበዓሉ በፊት ቅጠሉን እያቃጠለ መንደሩን በጭስ ያጥናል፤ የእሷ ክምር ውስጥ ግን ጃርት ገብቶ ስለተኛ እሳት አልለኮሰችም። የገረጣውን ቦታ በጣቷ ጫፍ ቧጠጥ ቧጠጥ አድርጋ የተረፈውን ዘር በተነችበት። ኅዳር ሲገባ እንደ ጎረምሳ ጢም ያለ ነገር ብቅ ብቅ አለ።

«ተመስገን» አለች። ግን የዛፉን ጠባይ ታውቃለች። ዋልነት የቀረ ቅጠሉን ጥርሱን ነክሶ ይይዝና ብርቱ ውርጭ የመታው ዕለት ባንድ ጊዜ ያራግፈዋል። «ጌታዬ ሆይ» ትል ነበር ማታ ማታ፣ «ውርጩን አትላክ አልልህም፤ እንደው ከሚካኤል በኋላ አድርገው።»

እግዚአብሔር ግን የራሱ ቀን አለው።

የበዓሉ ዋዜማ ዳቦውን አቦካች፤ ላዩን በሊጥ ሹርባ አስጌጠች፤ ሁለት ወፍም አስቀመጠችበት። በዓሉ ዓርብ ስለዋለ ምግቡ ዓሣና ባቄላ ነው። ለሌሎች ቅዱሳን የሚቀቀለው ንፍሮ ለሚካኤል አይቀቀልም፤ እሱ ሕያው መልአክ ነው፣ ሙት አይደለም። በማለዳው የበዓል ቀሚሷን ለብሳ በሩን ስትከፍት ነፋስ የለም፣ ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቷል፤ ግቢው ውስጥ ግን የዝናብ ድምፅ ይሰማል። ቅጠሉ ነው። ፀሐይ ውርጩን በነካችው ቁጥር እፍኝ እፍኝ እያለ ይወርዳል። አንዱ ሌላውን ይመታና ሁለቱም ይወድቃሉ። ቆማ ሳለች ዛፉ ራቁቱን ቀረ፤ የለፋችበት ሣር በሞላ ጠፋ።

መጥረጊያዋን አነሣች።

ዳሊቦር ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ዳቦውን በጥልፍ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወስደው ወጣ። «እማዬ፣ በበዓል ቀሚስሽ? ተይው በቃ!»

«ቃል ቃል ነው። ቀኑ ገና አልመሸም።»

«እንግዳ ይመጣል እኮ!»

«እንግዳ ቅጠል አይፈራም። አንተ ዳቦውን አድርስ።»

ሁለት ሦስት ጊዜ ሳበች፤ ትከሻዋ ከዳት፤ መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ስትል ዳሊቦር ዳቦውን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ቀደማትና አነሣው። አልሰጣትም።

«ሣሩ አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«ሣሩ አይደለም እማዬ! ሣሩማ ለምልሟል፤ ከትናንት ወዲያ አይቼዋለሁ።» አንገቱን አቀረቀረ። «አባባ የተቀበረ ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ ሴቶቹ ሲያወሩ ሰማሁ። ዋልነት የተከለ ሰው ግንዱ አንገቱን ያከለ ዕለት ይሞታል አሉ። በገዛ እጁ ተከለው፣ ይኸው በላው አሉ። እኔም ሲባጎ ይዤ ወጥቼ ግንዱን ለካሁ። የአባባን አንገት ግን የምለካበት ጊዜ አልፎ ነበር። ዘንድሮ እኔም እሱ የሞተበትን ዕድሜ ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ዛፉ የሚያየኝ ይመስለኛል።»

ቪዶሳቫ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎት ነበር። ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው ግን በሁለቱም ነው፤ በለቅሶም በሳቅም።

«አባትህ እኮ አልተከለውም።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ የተከልኩት።»

«ሀገር በሙሉ አባባ ነው የሚለው!»

«ሀገር ያየው ውኃ ሲያጠጣው ነው። ልጄ፣ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ከአባቴ ግቢ አንዲት ፍሬ በሽርጤ ኪስ ይዤ ነበር። ሆዴ ቢብሰኝ እንኳ አንድ ነገር የኔ ይሁን ብዬ ነው። አንድ ቀን እዚህች ላይ በተረከዜ ወደ መሬት ገፋኋት። ስትበቅል አያትህ አየቻትና ግቢውን በጩኸት አናወጠችው። ‹ያለ እኔ ፈቃድ በግቢዬ ማን ነው ሞት የተከለ?› አለች። እኔ ምላሴ ታሰረ። አባትህ ሾርባውን እየጠጣ፣ ማንኪያውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ ‹እኔ ነኝ› አላት። ለመነችው፣ አለቀሰችበት። ‹ከነካሻት ከማዕድሽ አልቀርብም› አላት። ከዚያ ወዲያ የሱ ዛፍ ተባለ። እሱም አላስተባበለም፤ እኔን ለመሸፈን።»

ዳሊቦር መጥረጊያውን ግንዱ ላይ አስደገፈ።

እሷ ሻሿን ፈታችና አንገቷን ሰገግ አደረገች። ከዚያ ግንዱን አቀፈችው፤ እጆቿ ከማዶ አልተገናኙም። «ና ለካ እንግዲህ! የኔን አንገት ካለፈው ስንት ዘመኑ ነው? ይህን የሚያክል አንገት በሬም የለውም። እኔ ግን ይኸው ቆሜ እጠርጋለሁ። አባትህን የወሰደው ሳንባው ነው። የሰውን ዕድሜ የሚያውቀው ፈጣሪ እንጂ እንጨት አይደለም።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? ሣር፣ ሣር ስትል እኔም ሣርህን ጠረግሁልህ።»

ዳሊቦር ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ የሰማችው ልጅ ሳለ ነበር። ሳቁ ሳያልቅ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ።

«በሞትኩት! እኔ ትናንት ሙሉ ቀን መጋዝ ስስል ዋልኩ እኮ!» ስሬተን ነው፤ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ጫማውን አስወልውሎ።

«አንተ ሰው፣ የሰው ገመና ትሰማለህ?»

«አጥርሽ ቀዳዳ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?»

«በል ግባ። በቤት በዓል እንግዳ አይጠራም፣ የመጣም አይመለስም። ቅጠል ለማንሣት ደግሞ ቀድሞ የመጣ ነው የሚመረጠው።»

«ጋሽ ስሬተን» አለ ዳሊቦር እጅጌውን እየሰበሰበ፣ «እርስዎ ሸራውን ይያዙልኝ።»

ሦስቱም ገቡበት። ፀሐይ ከፍ ስትል ውርጩ ተነነ፣ ቅጠሉ ደረቀ። ብዙውን በሸራ እየጎተቱ የጃርቱ ክምር ላይ ጨመሩት። አንድ ጥግ ላይ ስስ ሆኖ የቀረውን ዳሊቦር የሣር ማጨጃ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደበት፤ ቅጠሉ እንደ ትንባሆ እየደቀቀ በሣሩ መካከል ወርዶ ጠፋ።

«መርዝ ነው አላልክም?» አለችው።

«ሣሩን የጎዳው መታፈኑ ነው መሰለኝ» አለ። «ይህን ጥግ እንሞክረው። ጸደይ ላይ እናያለን።»

ዳቦው ቤተ ክርስቲያን የደረሰው ሊዘጋ ሲል ነው። ቄሱ በላዩ ወይን በመስቀል ምልክት አፍስሰው፣ ከዳሊቦር ጋር ዳቦውን አዙረው ሲቆርሱ ከሸሚዙ ክርን ላይ አንዲት የደረቀች ቅጠል ወደቀች። ቪዶሳቫ አየቻት። ለማንሣት ግን ጎንበስ አላለችም።

ጸደይ ሲመጣ ያ ጥግ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ለመለመ። ቪዶሳቫ ጫማዋን በሰው ፊት አውልቃ ሄደችበት። ዳሊቦር ሣር ሲያጭድ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ሞተሩን ዞር ያደርግ ጀመር። ስሬተን አንገቱን በአጥሩ አሻግሮ ቢያይ ሁለት ጣት የምታህል የዋልነት ቡቃያ ቆማለች።

«ይህችን ደግሞ ማን ተከላት?» አለ።

«ቁራ ነው፣ ጋሼ» አለ ዳሊቦር። «ፍሬውን ቀብሮ ረስቶት ነው።»

«እንግዲያ ቁራው አንገቱን ይጠብቅ!» አለ ስሬተን።

ቪዶሳቫ ከሚሉቲን አግዳሚ ላይ ሆና ሳቀችና አማተበች፤ ዳሊቦርም ቡቃያዋን ዞሮ ማጨዱን ቀጠለ።