ባትሪ የሚበላው ሰባት ቁጥር

ሃያ ሁለት ዓመት ሬዲዮ ሲጠግን ስለኖረ ሁሉም ጋሽ ሬዲዮ ይለዋል። ሬዲዮ የሚያሠራ ሲጠፋ ሱቁን ዘግቶ፣ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ቲማቲም የሚያለማ እርሻ ተቀጠረ። ሥራው አሥራ ሁለት ሴንሰሮችን መንከባከብ ነው። የአፈሩን እርጥበት ይለካሉ፤ ያለ ሽቦ፣ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ፣ በሩ አጠገብ ላለው መቀበያ ያደርሳሉ።

ሰባት ቁጥር አመለኛ ሆነ። ዓመት ይቆያል የተባለው ባትሪ በሦስት ሳምንት ያልቅበታል። እሱ ዝም ሲል ከጀርባው ያሉት ስድስቱም ዝም ይላሉ። ሦስት ጊዜ በአዲስ ለወጠው፤ አዲሱም ያው።

ሥራ አስኪያጁ ነገር አያበዛም። ይሄኛውም በሦስት ሳምንት ካለቀ ሁሉንም ነቅሎ በእጅ ወደ መለካት እንደሚመለስ ነገረው። በእጅ ለመለካት ደግሞ ጠጋኝ አያስፈልግም።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሚስቱ ጋ ደወለ፤ ዝግ ነው። እራት ላይ ምነው አላት።

"የስምንት ወንድምና እህት ወሬ በእኔ በኩል እያለፈ የስልኩ ባትሪ እንዴት ይቆይ? ለራሴ ጉዳይማ አንድም ሰው ጋ አልደወልኩ።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። ጨው በዛበት እንዴ አለችው።

ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ቆጠረ። ሰባት ቁጥር ከሚልካቸው ሰባት መልእክቶች ስድስቱ የሌሎች ናቸው። ሰነፍ ሲለው የከረመው የሰፈሩ ሁሉ ተላላኪ ኖሯል። የሴንሰሮቹ ሣጥኖች የታሰሩት ችግኙ ከጉልበት ሳያልፍ ነው። አሁን ተክሉ ከሰው ቁመት በልጧል፤ ውሃ ያዘለው ቅጠል ሞገዱን ይውጠዋል። ከበሩ ከራቁት መካከል በሩን አጥርቶ የሚያየው መተላለፊያው ዳር የቆመው ሰባት ቁጥር ብቻ ነው።

የለቃሚዎቹ አለቃ ነገሩን ስትሰማ ሣቋን መቆጣጠር አቃታት።

"ጋሼ፣ ቲማቲም እንደሚያድግ እኛን ቢጠይቁን ምን ነበረበት?"

የተረፉ የድጋፍ እንጨቶች ሰጠችው። መለኪያው አፈር ውስጥ እንዳለ ሣጥኖቹን ከቅጠሉ በላይ ሰቀላቸው፤ እያንዳንዱም ከበሩ ጋር በቀጥታ ተገናኘ። እርጥበቱ ካልተለወጠ እንዳይናገሩም አዘዛቸው።

በአራተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አሥራ ሁለቱንም ስክሪኑ ላይ አየ።

"ይቆዩ" ብሎ ሄደ።

ጋሽ ሬዲዮ ሊነግራት ሚስቱ ጋ ደወለ፤ ዝግ ነው። እሷን እንጨት ላይ መስቀል አይቻል። ታላቅ ወንድሟ ጋ ደውሎ የታናሽ እህቷን ቁጥር አስጻፈው፤ በቀጥታ እንዲደዋወሉ።