«ይዘፍናል» ያልኩ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ፣ አሁን በምኖርባት በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ጎረቤቴ የሎሚ ዛፉን ሲከረክም፣ የተቆረጠው ቅጠል ሽታ በመስኮት ገብቶ ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ኋላ፣ ኦክላንድ ከተማ ቴሜስካል ሰፈር ወደነበረው ቤታችን ወሰደኝ።

በረገጡት ቁጥር የሚያቃስት የእንጨት ደረጃ ያለው፣ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤቱን ፀሐይ የሚሞላው የኪራይ ቤት ነበር። ከአጥሩ ማዶ ሚስ ኤሌን የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ሎሚያቸው ባፈራ ቁጥር በከረጢት ሞልተው ያቀብሉኛል፣ እናቴ ሳምቡሳ ትመልስላቸዋለች፣ እሳቸውም ቃሪያው እያስነባቸው አንድ ሳያስተርፉ ይበሉታል።

አባባ አጠገባችን ባለችው ኤመሪቪል ከተማ የመኪና ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራ ነበር። በወጣትነቱ ደሴ ላይ መንዙማ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነውና፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከሥራ ተመልሶ፣ ውዱእ አድርጎ፣ የኋላው ደረጃ ላይ ቆሞ ለመግሪብ ሶላት አዛን ያደርጋል። እኔ የሰፈር ልጆች እንዳይሰሙ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደርጋለሁ፤ ሚስ ኤሌን ግን አትክልት ማጠጣታቸውን አቁመው እስኪጨርስ ያዳምጡ ነበር።

ኒውዮርክ ላይ ሕንፃዎቹ ሲወድቁ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያው ሳምንት አንድ ሰው አውቶቡስ ውስጥ የእናቴን ሒጃብ ጎትቶ ወደ አገሯ እንድትሄድ ነገራት፤ ሾፌሩ በመስታወት አይቶ መንዳቱን ቀጠለ። የሎሚው ከረጢትም ቀረ። የላክነው ሳምቡሳ ከነሳህኑ አጥሩ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጦ ጉንዳን ወረሰው።

ብዙም ሳይቆይ ኮት የለበሱ ሁለት የመንግሥት ሰዎች በራችንን አንኳኩ። ከጎረቤት ጥቆማ ደርሶን ነው አሉ። ማን እንደሆነ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም፤ የሚስ ኤሌን መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አይተናል። አባባ ሲጨንቀው እንግሊዝኛው ስለሚጠፋበት አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ዓርብ ዓርብ የት እንደሚሄድ፣ ቤታችን ማን ማን እንደሚመጣ ጠየቁ፤ እኔም አንድ በአንድ አመላለስኩ። በመጨረሻ ረጅሙ ሰውዬ ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣

«አባትሽ ደረጃው ላይ ቆሞ የሚጮኸው ምን እያለ ነው?» አለኝ።

«አዛን» ብሎ መናገር ወንጀል መሰለኝ።

«ይዘፍናል» አልኩት። «ዘፈን ይወዳል።»

ያቺን የእንግሊዝኛ ቃል አባባ ያውቃታል። ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ለሰዎቹ «አዎ» ብሎ ራሱን ነቀነቀላቸው።

ሰዎቹ ተመልሰው አልመጡም። አባባም ከዚያ ቀን በኋላ ደረጃው ላይ አልቆመም፤ ሳሎን ውስጥ መስኮት ዘግቶ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ይሰግድ ጀመር። እናቴ ሰፈሩ ሲረጋጋ እንደ ድሮው እንዲሆን ብትለምነው፣ «ልጄን ሁለተኛ አላስዋሻትም» ሲላት ከጓዳ ሰማሁት።

አምና ቀበርነው። በቀደም ልጄ አያቷ ድምፀ መረዋ እንደነበሩ ከእናቴ ሰምታ፣ ድምፃቸው ያለበት ቪዲዮ እንዳለኝ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። የልደቱን፣ የሠርጉን፣ የኢዱን ሁሉ አገላብጬ አየሁ። በሁሉም ውስጥ አባባ ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ በአንዱም ውስጥ ድምፁ አይሰማም።