እቴቴ የዳረችው መድኃኒት

ዌስትላንድስ የሚባል ሰፈር ባለች ትንሽ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራዬ ሽምግልና ነው። ውኃ ውስጥ አልሟሟ ብሎ በሽተኛው ሆድ ውስጥ እንደ ጠጠር የሚቀመጥን መድኃኒት ቶሎ ከሚሟሟ ሌላ ዱቄት ጋር እወቅጥና አንድ ክሪስታል እንዲሆኑ አጋባቸዋለሁ። አሁን የያዝኩት መድኃኒት ግን ወር ሙሉ ብወቅጠው እምቢ አለ። አለቃዬ ዶክተር ዋንጂሩም እስከ ዓርብ ካልተሳካ ፕሮጀክቱን እንደምትዘጋው ነገረችኝ።

ሐሙስ ዕለት ኪሊማኒ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት አክስቴ እቴቴ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ችግሬን ስነግራት ሙቀጫውን አየችና "ሥራህን ያሰረብህ ሰው አለ!" ብላ ከቦርሳዋ ጠበል አውጥታ ረጨችበት።

"እቴቴ! ምን ማድረግሽ ነው?"

"ዝም ብለህ ውቀጥ!"

በንዴት ወቀጥኩት። በኤክስሬይ ማሽኑ ብመረምረው ተጋብተዋል!

ዋንጂሩ "ምን ጨመርክበት?" አለችኝ።

"ትንሽ ውኃ።"

በላብራቶሪው ውኃ ብትሞክረው አልሆነም። ስታፋጥጠኝ እውነቱን አወጣሁ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔም ተባረርኩ ብዬ ዕቃዬን ሰበሰብኩ።

እሑድ ከእቴቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ብሄድ፣ ዋንጂሩ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዛ የጠበሉ ሰልፍ ፊት ቆማለች። ቄሱ ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ይህች ሴትዮ ጠበሉ መቼ ነው ኤክስፓየር የሚያደርገው ትለኛለች፤ ምን ልበላት?"