እማዬ ያጠራችው መስታወት

ላምባ አሁን ማን ይሸጣል? ጋዜጣስ ማን ያነባል? እናቴ ግን የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በደረሰ ቁጥር፣ መቃረቡን በጉልበቷ ቁርጥማት የምታውቅ ይመስል፣ ሁለቱንም ካላመጣሽልኝ ትላለች። ከሱፐርማርኬት የገዛሁላትን ሰማያዊ የመስታወት ማጽጃ አሽትታ «ይሄ ሽቶ ነው» ብላ ወዲያ ገፋችው። ስለዚህ ዘንድሮም ከሥራ ስወጣ ከቢሮ ያረጀ ጋዜጣ በቦርሳዬ ከትቼ፣ ከአንድ ጋራዥ ላምባ በፕላስቲክ ጠርሙስ ለምኜ፣ የለቡ ታክሲ ሰልፍ ላይ እግሬ እስኪዝል ቆሜ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በየፎቁ እያረፍኩ ወጣሁ። ደክሞኛል። ይህን ለማንም አልደብቅም። በዚህ ዕድሜዬ የሰው ልጅ ቤቱ ገብቶ ጫማውን አውልቆ ዝም ማለት ነበር ያለበት። እናቴ ግን ጋዜጣውን ጨምድዳ በላምባ ነክራ መስኮቱን መፈግፈግ ስትጀምር፣ ያ ሽታ ሳሎኑን ሞላውና እኔም ከነድካሜ ላፍቶ ወደነበረው ጭቃ ቤታችን ተመለስኩ።

ያኔ ላፍቶ ገጠር ነበር ማለት ይቻላል። ከጓሯችን አጥር ወዲያ የጋሽ ቶሎሳ የጤፍ ማሳ ይጀምርና እስከ ወንዙ ይወርዳል። ጋሽ ቶሎሳ እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ገበሬ ናቸው፤ ከተማው እየገፋ ሲመጣባቸው ከመቆጣት ይልቅ መቀለድ የመረጡ ሰው። መብራት ሲመጣ እልል ይባላል፣ ሲጠፋ ማንም አይገርመውም። ፀሐይ ጠልቃ ደመና ከሌለ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ይፈካ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሊያልቅ የሚችል መሆኑን ስለማናውቅ ቀና ብለን አናየውም።

አባቴ የፊዚክስ መምህር ነበር። ሳተርንን ከነቀለበቷ በጠመኔ ሲስላት ኮምፓስ አያስፈልገውም፤ ራሷን ግን አንድም ቀን አይቷት አያውቅም። ይህ ነገር ይቆጨው የጀመረው ግራ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ ቀኙም ቢሆን ከጠርዙ እየጨለመ ነው አለው። ከሐኪም ቤት ሲመለስ እናቴ ጸሎት ያዘች፤ እሱም አብሯት ተንበርክኮ ጸለየ፣ አሜን አለ፣ ከዚያ ጉልበቱን አራግፎ ተነሳና ቴሌስኮፕ መሥራት ጀመረ። ቀኝ ዓይኑ ሳይዘጋ ያቺን ቀለበት አንድ ጊዜ ማየት ነበር የፈለገው፤ ሌላ ምንም።

ጎድጎድ ያለውን ትልቁን መስታወት አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት ሄዶ ነበር። ለቱቦው ቆርቆሮ ተጠቀለለ፣ ለመቆሚያው የተሰበረ አልጋ እግር ተገኘ። የጎደለችው መዳፍ የማትሞላ አንዲት ጠፍጣፋ መስታወት ናት፤ ቱቦው ውስጥ ሰያፍ ቆማ ከትልቁ መስታወት የመጣውን ብርሃን ወደ ጎን፣ ወደሚያየው ሰው ዓይን የምትመልስ። እማዬ «ለዚህ ነው እንዴ የምትጨነቀው?» ብላ ከተሰነጠቀ የግድግዳ መስታወቷ ቁራጭ ሰጠችው። በሱ ጨረቃን ስናያት ጠርዟ ሁለት ሆነ። ለካ የቤት መስታወት ብሩ የሚቀባው ከጀርባው ነው፤ ብርሃኑ አንዴ ከፊቱ፣ አንዴ ከጀርባው እየነጠረ አንዱን ሁለት ያደርገዋል። ለኛ የሚያስፈልገን ብሩ ፊቱ ላይ የሆነ፣ ገጹም አንዳች ጉብታ የሌለው ነው።

ያንን ክረምት ያሳለፍነው ከመስታወት ቆራጭ ደጅ የለቀምነውን የወፍራም መስኮት ስባሪ ስንመረምር ነው። ሁለት ስባሪ አጥበን አንዱን በአንዱ ላይ እንደርብና፣ በምድጃው ነበልባል ላይ ጨው ስንበትን እሳቱ ቢጫ ይሆናል፤ በዚያ ቢጫ ብርሃን መስታወቶቹ መካከል ጥቋቁር ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹ ቀጥ ካሉ ገጹ ጠፍጣፋ ነው፣ ከጎበጡ ጉብታ አለበትና ይጣላል። ቀጥ ቢሉም አባቴ ቶሎ አያምንም፤ አንዱ ያበጠውን ያህል ሌላው ጎድጉዶ ሁለቱ ተስማምተው ሊዋሹ ስለሚችሉ፣ እንደ ሽምግልና ጉዳይ ሦስተኛ ምስክር ይጠራል። መስመሮቹን የማየው እኔ ነበርኩ። የሱ ዓይን እነሱን መለየት ስላቃተው ያየሁትን በጣቴ መዳፉ ላይ እስልለታለሁ፤ «ጎብጧል አባዬ» ባልኩት ቁጥር መዳፉን ጨብጦ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እማዬ ደግሞ ጨው የተፈጠረው ለወጥ እንጂ ለእሳት አይደለም እያለች ታጉረመርማለች። በዚያ ክረምት ወጣችን አልጫ ብቻ ሳይሆን አልፎ አልፎ ጭራሽ ጨው የሌለው ነበር።

ሦስቱም ምስክሮች የተስማሙበት ስባሪ የተገኘው መስከረም ጠብቶ ደመናው መሳሳት ሲጀምር ነው። ጠርዙን በውሃና በአሸዋ ፈገፈግን። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ከጠርሙስ ቂጥ የቀረች የብር ጨው፣ መስታወት ብር የሚለብስበትን ኬሚካል፣ ሰጥቶት ነበር፤ እማዬ ጸሎት ቤት በሄደችበት አባቴ በእንግዳ ሳህኗ ላይ ከአሞኒያና ከስኳር ጋር በጠበጣት። ብሩ መስታወቱ ፊት ላይ ሲያርፍ፣ ስስ ጉም የለበሰ ነገር ግን ፊታችንን የሚያሳይ ሆነ። አባቴ ትንፋሽሽ እንኳ እንዳይነካው ብሎኝ የመስኮቱ ደፍ ላይ እንዲደርቅ አስቀመጠውና፣ መቆሚያውን ለመትከል አብረን ወደ ጋሽ ቶሎሳ ማሳ ወረድን።

የጊፋታ ዋዜማ ነበር። በጊፋታ ዋዜማ ደግሞ እናቴ ቤት ውስጥ ሳይታጠብ የሚያድር ነገር የለም፤ አሮጌው ዓመት ከነአቧራው ይወጣል። ስንመለስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ በአንድ እጇ ላምባ የነካው ጋዜጣ፣ በሌላው ያቺ መስታወት።

«መምህር፣ ጉም ይዞት ነበር እኮ! ጋዜጣው እስኪጠቁር አሽቼ አጠራሁልህ» አለችው፤ ጥቁሩንም ለማስረጃ አሳየችው። ጥቁሩ ብራችን ነበር።

አባቴ ተቀብሏት ወደ ብርሃን አነሳት፣ በጣቱ ዳበሳት፣ በውስጧም አሻግሮ እናቴን አየ። እኔ አፌን ስከፍት ትከሻዬን ጫን አደረገኝ። «ጠራ፤ ተባረኪ ወርቄ» አላት። ከዚያ ጓዳ ገብቶ የመስታወቷን ጀርባ በኩራዝ ጥላሸት አጠቆረው። ባዶ መስታወትም ቢሆን፣ ማታ መስኮት ፊታችንን እንደሚያሳየን ሁሉ፣ ትንሽ ብርሃን መመለሱ አይቀርም ብሎ ነው። ትንሽ ለኔ ዓይን ይበቃ ነበር። ለሱ ግን እንደማይበቃ ሁለታችንም እናውቃለን።

ገና እንደመሸ ማሳው ዳር ተሰበሰብን። ሳተርንን ፈልጌ አገኘኋት፤ ደብዛዛ ነበረች፣ ግን ከነቀለበቷ ነበረች፣ ልክ በጠመኔ እንደሚስላት። ለአባቴ ቦታ ለቀቅኩለት። አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ጋሽ ቶሎሳ ሲያዩት፣ እማዬም እጇን አጣምራ ስትጠብቅ፣ ቀና አለና ጮክ ብሎ «አየኋት!» አለ። እናቴ «ጌታ ይመስገን!» ብላ አጨበጨበች። ተራዬ ደርሶ ሳጎነብስ ውስጡ ጨለማ ብቻ ነበር። ምድር ስለምትዞር ኮከብ ከቱቦው አፍ ሸርተት ብሎ ይወጣል፤ ቶሎ ቶሎ ካልተከተሉት ያመልጣል። ከወጣች ቆይታለች። አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ ያየው ባዶውን ነበር።

መልሼ አገኘኋትና እማዬ አየች። ጋሽ ቶሎሳም አዩና «ይህችን የጤፍ ቅንጣት ለማየት ነው ክረምቱን ሙሉ መስታወት ስትፈገፍጉ የከረማችሁት?» ብለው ሳቁ። አባቴ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ወደ ቤት ስንወጣ ግን ከኋላ ቀርቶ መዳፉን ዘረጋልኝ፤ እኔም በጣቴ ክቧን፣ ከዚያም ቀለበቷን ሳልኩለት። ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩለት።

ሌላ የብር ጨው ሳይገኝ ዓይኑ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በኖረበት ዘመን ሁሉ እናቴ ለመጣው እንግዳ «እኔ ባላጠራው ኖሮ መች ይታይ ነበር!» ስትል፣ እሱ ከወንበሩ «እውነቷን ነው» ይላል። አሁን የጋሽ ቶሎሳ ማሳ ሕንፃ ነው፤ ልጆቻቸው በመሀሉ ባጃጅ ይነዳሉ። ሰማዩ ያለ ይመስለኛል፣ መብራቱ ግን ውጦታል። አባቴን ሳስብ የሚያደክመኝ ሞቱ አይደለም፤ ሰው ሞልቶ በተረፈበት ከተማ እንዲያ አድርጎ ሰውን የሚሸከም ማጣቴ ነው። እሱ የተሸከመውን ምስጢር እኔ ወርሼ ይኸው እስከዛሬ አላወረድኩትም።

እናቴ ጋዜጣውን አስቀመጠች። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆየ። መስኮቱ ላይ የላምባው ዥንጉርጉር ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል፤ ከሱ ወዲያ ደግሞ ፊት ለፊታችን የቆመው ሕንፃ ግድግዳ አለ እንጂ ሌላ የሚታይ የለም።

«ጠራ?» አለችኝ።

«ጠራ እማዬ፤ ተባረኪ።»

«ኮከቧስ ትታያለች?»

መስኮቱን አየሁት፣ እሷን አየኋት፣ መዳፏንም ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ትታያለች» አልኳት።