የትኛው እግር ይቀድማል

«እጅህን አንሳ! አንሳ ነው የምልህ! ምን ብለህ ነው ልጄን የምትገፋት?»

በአማርኛ ነበር። እጄ አየር ላይ ቀረ። ሥራ የጀመርኩት በዚያው ጠዋት ነው።

«ጋሼ፣ ሥራዬ ነው» አልኩ።

«ሰው መግፋት ነው ሥራህ? ሀበሻ ሆነህ?»

«ዳድ፣ ስቶፕ! ሰው እያየን ነው» አለች ልጅቷ።

ሱቁ ኮሎምበስ ውስጥ፣ ሾርት ኖርዝ ከሚባለው ሰፈር ትንሽ ወደ ላይ ነው። የበረዶ መንሸራተቻ ይሸጣል፣ ያከራያል። እኔ ከዌርሃውስ ሥራ ወጥቼ የገባሁት በኮሮና ጊዜ፣ ሁላችንም ማስክ በምናደርግበት ዊንተር ነው።

ጠዋት ማኔጀሬ ሊንዳ የስኖውቦርድ ጀማሪ እንዴት እንደሚስተናገድ አሳየችኝ። መጀመሪያ ቡት፣ ቀጥሎ በጎን ቆመው የሚንሸራተቱበት ሳንቃ፣ ቦርዱ፣ በመጨረሻ ባይንዲንግ፣ ማለትም ቡቱን ከቦርዱ ጋር የሚይዘው ማሰሪያ። ማሰሪያው ከመገጠሙ በፊት ግን የትኛው እግር ከፊት እንደሚሆን መታወቅ አለበት። «ደንበኛው ሳያስበው ከኋላው ቀስ አድርገህ ትገፋዋለህ» አለችኝ። «እንዳይወድቅ ፈጥኖ የሚዘረጋው እግር እሱ ነው።» የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሳልጨርስ እኔኑ ገፋችኝ። ግራ እግሬ ቀደመ።

ልጅቷ ስትገባ ብቻዋን ነበረች። ኮፍያዋ ቅንድቧን፣ ማስኳ አፍንጫዋን ሸፍኗል። በእንግሊዝኛ ስሜ ሳም ነው አለችኝ። የሀበሻ ልጅ መሆኗን ባውቅ ኖሮ እጄን አላነሳም ነበር። አባቷ መኪና ፓርክ አድርገው ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት አንድ ጎረምሳ ልጃቸውን ከኋላ ሲገፋ ነው።

ጋሼ ከድር ይባላሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ፎርክሊፍት ይነዳሉ። ሳም ደግሞ ሰሚራ ሆና ተገኘች።

«ነይ ወደ ቤት» አሏት። «ድሮም አልወደድኩትም።»

«አባዬ፣ ፕሮሚስ አድርገሃል! ቅዳሜ የትምህርት ቤታችን የበረዶ ክለብ በሙሉ ይሄዳል!»

ያኔ ገባኝ። ሰውየው ልጅቷን ለማስቀረት ሰበብ ሲፈልጉ ከርመዋል፤ ሰበቡን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

ሊንዳ ከመጋዘን ብቅ ብላ ችግር አለ ወይ አለች። የመጀመሪያ ቀኔ የመጨረሻዬ ሊሆን ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ «አባትየው ራሳቸው ሊገፏት ነው» አልኳት። ከዚያ ወደሳቸው ዞርኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይግፏት።»

«እኔ? መራመድ ስትማር ጎንበስ ብዬ ከኋላ የያዝኳትን ልጅ?»

«በማይሆናት እግር ካሰርናት ቀኑን ሙሉ ስትወድቅ ነው የምትውለው።»

«በሚሆናትስ አትወድቅም?»

«ትወድቃለች። ግን ይቀንሳል።»

ከኋላዋ ቆሙ። እጃቸውን አነሱ፤ መለሱት። ቢስሚላህ ብለው በሁለት ጣት ነካ አደረጓት። አልተነቃነቀችም።

«ዳድ፣ ሲሪየስሊ?»

ሁለተኛውን ከልባቸው ገፏት። ቀኝ እግሯ ተወረወረ፤ የጓንት መስቀያውን ይዛ ተረፈች። ጋሼ ከድር የገዛ እጃቸውን የማያውቁት ሰው እጅ ይመስል አፈጠጡበት።

ከዚያ በኋላ በቦርዱ ተከራከርን። ከልጅቷ አናት የሚበልጥ አንሥተው በጣታቸው አንኳኩ። «ይሄ ይሁን፣ ታድግበታለች። ያኛውማ ይታጠፋል።»

«ለጀማሪ የሚታጠፈው ነው ጋሼ። ደረቁ ትንሽ ስትሳሳት ይጥላታል። ቁመቱም አቁመነው አገጯ ጋ ይድረስ።»

ቡቱንም አውራ ጣታቸውን ጫፉ ላይ ጭነው ሞከሩት። «ቦታ የለውም! ለከርሞስ?»

«ውስጡ ተረከዟ ከተነሣ ቦርዱ አይታዘዛትም። ለከርሞ ሌላ ቡት ነው።»

በምትኩ ያነሡትን ትልቅ ቡት ቀስ ብለው ወደ መደርደሪያው መለሱ። ለቡቷ ልክ የሆነ፣ የጀርባ ድጋፉ ለስላሳ ማሰሪያ መረጥንና ቀኟን ከፊት አድርጌ ገጠምኩ። እያንዳንዱን ብሎን በጃቸው ነካክተው ሂሳቡን ከፈሉ።

ሄዱ ስል ዞረው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

«በል፣ አሁን እኔን ግፋ።»

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ቅዳሜ ብቻዋን ልልካት ነው? እኔም እሸራተታለሁ። የሚከራይ የላችሁም?»

እጄ አልታዘዘኝም። የአባቴ እኩያ ናቸው። ሰሚራ ግን ዓይኗ ፈጠጠ።

«ጓደኞቼ ባሉበት? ኖ! አባዬ፣ ኖ!» ብላ በሁለት እጇ ጀርባቸውን ገፋቻቸው።

ቀኝ እግራቸው ቀደመ።

«ቀኝ» አልኩ፣ ከአፌ አምልጦኝ።

እዚያ ሱቅ ሁለት የበረዶ ወቅት ሠራሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳልጠይቅ የሰው ጀርባ ነክቼ አላውቅም። አብሮ የመጣ ሰው ካለ እሱ ይገፋል፤ እኔ እግር አያለሁ።

ያን ዕለት ሰሚራ ቦርዷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ በሩ ገሰገሰች።

«ተቆጣች?» አሉኝ ጋሼ ከድር።

«በጣም።»

«ቦርዱን ግን አልተወችውም» አሉና ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች። ከኋላዋ ድው ብሎ ተዘጋ።