በወረቀት ማንም አይጾምም

በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ ማለዳ ከጅማ ወደ መቱ ተነሣሁ። የሄድኩት ለአንድ ቁጥር ነው። ባሕርያቸው በቤተ ሙከራ የተለወጠ ባክቴሪያዎች የቆሰለ አንጀት ውስጥ ገብተው መድኃኒት ሲያመነጩ፣ የሰውን ሕዋሳት ምን እንደሚያደርጉ በኮምፒውተር አሰላለሁ። ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት ታማሚው በሚበላው ስለሆነ፣ መቼ እንደሚበላ ማወቅ አለብኝ። አለቃዬ ግን «በቀን ሦስቴ ብለሽ ሙይው፣ ምን ያንከራትትሻል?» አለኝ። ደሜ እንደፈላ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

በደሌ ሻይ ጠጥቼ ሚኒባስ ያዝኩ። ሁሩሙ የገበያ ቀን ነበርና ማር የጫኑ ሰዎች መንገዱን ሞልተውት ቆምን።

መቱ

የጤና ጣቢያው ባለሙያ መድኃኒቱን ለመሞከር የተመዘገቡትን በጎ ፈቃደኞች ቅጽ ሰጠኝ። ሁሉም ላይ «በቀን ሦስት ጊዜ ይመገባሉ» ይላል።

«ወንድሜ፣ ጠይቀሃቸዋል?»

«እንዴታ፣ ራሳቸው ናቸው ያሉት።»

አላመንኩም። በማግስቱ ረፋድ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ አንጀታቸው ከቆሰለ ዓመታት አልፈዋል፤ መድኃኒቱን በጉጉት ይጠብቃሉ። ቁርስ በልተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም፤ ጾም አይደል?»

«ቅጹ ሦስቴ ይላል እኮ።»

«እጾማለሁ ብዬ ብነግረው ባለሙያው ይቆጣኛላ። የነፍስ አባቴም ታመሻል፣ ብዪ ብለውኛል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አደራ፣ እንዳትነግሪብኝ የኔ ልጅ።»

ቡሬ

ከመቱ አልፎ ባለችው ቡሬ የተመዘገቡትም በኦሮምኛም በአማርኛም ያንኑ መለሱልኝ። ባለሙያው ስለሚቆጣ ይዋሻሉ፤ እሱ የሰማውን ይጽፋል፤ እኛ የተጻፈውን እናሰላለን። ወይ ጉድ።

ማረፊያዬ ገብቼ የእትዬ አስካለን ዘጠኝ ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ አስገባሁ። በስሌቱ፣ ምግብ ያጡት ባክቴሪያዎች የአንጀቱን ሕዋሳት የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን መብላት ጀመሩ። የተራቆቱት ሕዋሳት ረገፉ። በሦስቴው ቁጥር «አደጋ የለውም» ብዬ ልፈርም ነበር። በአለቃዬም በራሴም ተናደድኩ።

ጅማ

አለቃዬ ውጤቱን አይቶ «የሚጾሙትን ከዝርዝሩ አውጪና ፈርሚ» አለኝ።

«በወረቀትማ ማንም አይጾምም፤ ማንን ላውጣ?» አልኩት። አልፈረምኩም።

መድኃኒቱ እንደሚዘገይ ልነግራቸው ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። እሳቸውም ጠየቁኝ፦

«እውነቱን ባልነግርሽ ኖሮ ይደርሰኝ ነበር?»

«ይደርስዎት ነበር» አልኳቸው፤ ደርሶ ምን ያደርጋቸው እንደነበረም አስረዳኋቸው። ጉዞው ያስተማረኝ ይኸው ነው፦ ሰው ቁጣ ፈርቶ የደበቀውን፣ ኮምፒውተር አያገኘውም።

«እንግዲያስ» አሉ እትዬ አስካለ፣ «ነገ ጤና ጣቢያ ሄጄ እጾማለሁ ብዬ አስጽፋለሁ። ይቆጣ እንግዲህ።»