የሄቲ ባዶ አልጋ

አምብሮዝ ፔንፎልድ በዕድሜው አራት መቶ አሥራ ሁለት ፊልም ሠርቷል፤ ሲያረጅ በእጁ የቀረ ግን አንድም አልነበረም።

ሁሉንም የሠራቸው በእንግሊዝ ደቡብ ባሕር ዳርቻ፣ በቤቱ ጓሮ፣ ጣሪያ በሌለው ባለ ሦስት ግድግዳ ክፍል ውስጥ ነው። መብራቱ ፀሐይ ነበረች፤ ደመና ሲመጣ ሥራ ይቆማል፣ ደመና ሲገፈፍ ዓለም እንደ አዲስ ይጀመራል። ዓሣ ሻጩ ፖሊስ፣ ልብስ አጣቢዋ ንግሥት ይሆናሉ። ሰኞ የታሰበው ረቡዕ ያልቃል፤ ዓርብ ዕለት በክንድ እየተለካ በየገበያው ድንኳን ተክለው ለሚያሳዩ ሰዎች ይሸጣል።

ከዚያ ረጃጅሞቹ ፊልሞች መጡ። የእሱን ሦስት ደቂቃ የሚፈልግ ጠፋ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዋና ቅጂዎቹን በጋሪ ጭኖ፣ ፊልም ቀቅለው በውስጡ ያለውን የብር ማዕድን ለሚያወጡ ሰዎች ሸጣቸው። ለሚስቱ ለላቪኒያ ትንፍሽ አላለም፤ ከመካከላቸው በአንዱ ልጃቸው ሄቲ ነበረችበትና።

ሄቲ በፊልሙ ላይ የታመመች ልጅ ሆና ተኝታ፣ ከአልጋዋ ድንገት ወደ ሰማይ ትሰወራለች። በሐምሌ ተሠራ። በጥር ጉሮሮ የሚያንቀው በሽታ እውነት አደረገው። ስድስት ዓመቷ ነበር።

ከሞተች ሃያ አምስት ዓመት አለፈ። የላቪኒያ ዓይን እየፈዘዘ ሄደ።

«አምብሮዝ፣ ያቺን የሄቲን ፊልም አንዴ አሳየኝ» አለችው። «ፎቶዋ ዝም ብሎ ያፈጥብኛል። ዓይኔ ሳይጠፋ ስትንቀሳቀስ ልያት።»

«እሺ» አለ።

በማግስቱ፣ ድሮ ፊልሞቹን ከእሱ ይገዛ ወደነበረው ባለ ድንኳን ወደ ጃቤዝ ሞርተን ሄደ።

«አንተ! እኔ እኮ ሞተሃል ብዬ ነበር!» አለ ጃቤዝ።

«ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። የሄቲ ፊልም አለህ?»

«ስንት ሴት አስለቅሼበታለሁ! ጋሪው ሥር ነው። ሽታውን ግን ቻለው፤ እንደ እኔና እንደ አንተ በስብሷል።»

ፊልሙ የተቀመጠበት ቆርቆሮ ሲከፈት ግማሹ ቡናማ ዱቄት፣ ግማሹ እንደ ማር የሚሳብ ነገር ሆኗል። ከመሃሉ አሥር ክንድ ያህል ብቻ ተርፏል። አምብሮዝ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው፤ አልጋ፣ ትራስ፣ ነጭ አንሶላ። ልጅ የለችም። ሄቲን ለመሰወር የካሜራውን እጀታ አቁሞ፣ ልጅቷ ከአልጋው ስትወጣ መልሶ አዙሮ ነበር። የተረፈው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ያንን ይዞ ቤቱ ገባ። መጋረጃውን ዘጋ፣ በወጥ ቤቱ ገመድ ላይ አንሶላ ሰቀለ፣ የፊልም ማሳያውን መብራት ለኮሰ፣ እጀታውን ያዘ።

«አልጋው ይታየኛል» አለች ላቪኒያ። «እሷስ?»

«ትራሱ ላይ ናት። ፈገግ አለች።»

«ድገመው።»

ደገመው።

«አሁንስ?»

«እጇን… እጇን አወዛወዘችልሽ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዞር ላቪኒያ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ውሸታም ሽማግሌ። ያነሣኋት እኔ አይደለሁ? አንተ እጀታውን ስታቆም በዚህ ክንዴ ብድግ አደረግኋት። በጆሮዬ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹እማ፣ አሁን ሞትኩ እንዴ?›»

የአምብሮዝ እጅ ቆመ። ፊልም መብራት ፊት ከቆመ ይነድዳል፤ ይህን ለስንቱ አስተምሯል፣ በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም። አንሶላው ላይ፣ ከትራሱ መሃል ቡናማ ነጥብ ወጣ፣ ሰፋ፣ አልጋውን ዋጠው። ቀድዶ አውጥቶ ምድጃው ውስጥ ሲወረውረው በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

«ሌላ ቅጂ አለህ አይደል?» አለች።

«የለም። ሁሉንም በጦርነቱ ጊዜ ሸጥኳቸው። ቀቀሏቸው።»

«ሄቲንም?»

«ሄቲንም።»

ላቪኒያ በዳበሳ ተነሥታ አንሶላውን ከገመዱ አወረደች። ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ነበር የሚያጥፉት፤ አምብሮዝ እንደ ልማዱ አንዱን ጫፍ ሊይዝላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። ጫፍን ከጫፍ እየዳሰሰች ብቻዋን አጠፈችው።